ደህና ነው ብዬ የጻፍኩልሽ ቀን

ሎስ አንጀለስ፣ ፌብሩዋሪ 3

አክስቴ ኑኃሚን፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሰላምታ ከዚህ መርዘም እንዳለበት አውቃለሁ። ግን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ያጠፋሁት ሰላምታው ላይ እየደረስኩ ስለሆነ ዛሬ በአጭሩ አልፌዋለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የፊደል ስህተቴንም አትታዘቢኝ። አማርኛ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንግሊዝኛውም ገና አልገባኝም፣ አማርኛውም እየሸሸኝ ነው።

በስልክ ለምን ዝም እንደምል ጠይቀሽኛል። አንቺ ስትደውዪ አባዬ ስፒከር ላይ ያደርግና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል። እኔ ደግሞ ሰው እየሰማኝ ማውራት አልችልም። አባባ እንዴት ነው ስትዪኝ «ደህና ነው» የምልሽ ለዚያ ነው፤ አባዬም እንደዚያ በያት ብሎኛል። መጻፍ ግን እችላለሁ።

አያቴ፣ አባባ፣ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ላልሽው፣ ጠዋት አባዬ አብሮት ይሆናል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ታክሲውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እኔና አባባ ብቻ ነን፤ እማዬ እንደምታውቂው ቪዛዋ እስኪደርስ አዲስ አበባ ናት። ፀሐይ በረድ ሲል የእኛ ሰዎች ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ድረስ በእግራችን ሄደን እንመለሳለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን አቁሞ ያዘዘውን ምግብ ሊወስድ ሬስቶራንት ገባ። አባባ ቆም ብሎ ሞተሩን አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀና ኮፈኑን በእጁ ለመክፈት ይታገል ጀመር። ብጎትተው እንቢ አለኝ። ሰውዬው ወጥቶ ጮኸብን። እኔ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አጣሁ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ሽመልስ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር፣ አባባን «ክፍሉ፣ እዚህ አገር ሳያስፈቅዱ ኮፈን መክፈት ያስከስሳል እኮ» አሉና ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩትም ሳቁ። አባባም አብሯቸው ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

አባዬ ለሰው ሁሉ የነገረው የአባባ በሽታ ስኳር ነው ብሎ ነው። ስኳር አያሳፍርም።

አንቺን ደግሞ ሁሉም ሐኪም ናት ብለው ያምናሉ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ ክንዴን ይዛ «ያቺ የጭንቅላት ዶክተሯ አክስትሽ ለራስ ምታቴ ምን ትለኝ ይሆን?» አለችኝ። ውሃ በደንብ ጠጪ ብላሻለች አልኳት። ይቅርታ። አባዬን ሥራዋ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «የነርቭ ነገር ነው» አለኝና ቴሌቪዥን ከፈተ። እውነት ሥራሽ ምንድን ነው?

ዓይናለም


ሚኒሶታ፣ ፌብሩዋሪ 8

ዓይኔ፣

«ውሃ ጠጪ» ማለትሽ ጥሩ ሕክምና ነው። እኔም ከዚያ የተሻለ አላውቅም፣ ምክንያቱም ሐኪም አይደለሁም። ዶክተር የሚሉኝ በትምህርቱ ነው፤ በሽተኛ አላክምም።

የማጠናው አባባን የያዘውን በሽታና ዘመዶቹን ነው። ሰው እያረጀ ሲሄድ አእምሮውን ቀስ በቀስ የሚበሉትን። በሕይወት ያለ ሰው ላይ በሽታው ሁሉንም ነገሩን አያሳይም። ስለዚህ ሰው ሲሞት፣ አስቀድሞ ፈቅዶ ከሆነ ወይም ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ አእምሮው ወደ እኛ ይመጣል። ግማሹን በኃይለኛ ማቀዝቀዣ እናኖረዋለን፣ ግማሹን መድኃኒት ውስጥ እናቆየዋለን። ከዚያ ከወረቀት ይበልጥ አቅጥነን እንቆርጠዋለን፣ ቀለም እናስነካዋለን፣ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። በሽታው እንደተቋጠረ ክር ሆኖ ይታያል። ሃያ ዓመት ያንን ክር ሳይ ኖርኩ።

አባትሽ ይህን ያውቃል። ያፍርበታልም፤ አልፈርድበትም። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት አጎረስኳት። እየጎረሰች ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ማኘኳን አቆመች።

እኔን የሚከብደኝ ግን መቁረጡ ሳይሆን መለመኑ ነው። ቤተሰቡ ገና እያለቀሰ እኔ ስልክ እደውላለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ አንዳንዱ እሺ ይለኛል። ማቀዝቀዣችን ውስጥ ካሉት ሁሉ አንድም የአገራችን ሰው የለም። በሽታው እኛ ላይ መልኩ ይለይ እንደሆነ የምናውቀው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ከእኛ የሰጠ የለም፣ ከእኛ የጠየቀም የለም። ለማላውቃቸው ሰዎች ስደውል አላፍርም። ለገዛ ወንድሜ ስደውል ግን ስለ አየሩ ጠይቄው እዘጋለሁ።

ስለጠየቅሽኝ ነው የነገርኩሽ። ለማንም አትናገሪ።

አክስትሽ ኑኃሚን


ሎስ አንጀለስ፣ ፌብሩዋሪ 19

አክስቴ፣

ለማንም አትናገሪ ብለሽኝ ነበር። ለአባባ ተናገርኩ።

ትናንት ጥሩ ቀኑ ነበር። በስሜ ጠራኝ፣ ስለ ትምህርት ቤቴ ጠየቀኝ፣ ጫማውን ራሱ አሰረ። ከዚያ «ኑኑ የት ሄደች?» አለኝ። ሥራ ላይ ናት አልኩት። «ምን ሥራ?» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን የነርቭ ነገር ነው እለው ነበር። ትናንት ግን እንደዚያ አድርጎ እያየኝ መዋሸት አፈርኩ። የጻፍሽልኝን ሁሉ ነገርኩት፣ ስለ ማቀዝቀዣውም፣ የእኛ ሰው እንደሌለበትም። እስክጨርስ ሰማኝ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦

«አየሽ፣ ሞተሩን ሳይከፍት በሽታው ይሄ ነው የሚልሽ መካኒክ ሌባ ነው። የእኔንም ትክፈተውና ትየው። ስጨርስ ነው ግን። አሁን እየነዳሁት ነው።»

ከዚያ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ውሃ ጠየቀኝና ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲጨርስ «ኑኑ የት ሄደች?» አለኝ።

ከእኔ በቀር የሰማ የለም። አባዬ ሥራ ላይ ነበር። ከትናንት ጀምሮ የሰው ዕቃ ደብቄ የያዝኩ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ዓይናለም


ሚኒሶታ፣ ፌብሩዋሪ 27

ዓይኔ፣

ከዚያ ቀጥሎ የላክሽውንም ደብዳቤ አግኝቻለሁ። አይ፣ ደግመሽ አትጠይቂው፣ በስልክሽም አትቅረጪው። የሰጠን በጥሩ ቀኑ ነው፤ በመጥፎ ቀኑ ማስደገም ነውር ነው።

«ፊቱስ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ፊቱ አይነካም። ሰው ሊሰናበተው ቢመጣ ምንም አይለይም። የምቆርጠው እኔ እሆናለሁ ብለሽ ከሆነ የፈራሽው፣ አይደለሁም። በሥራችን ሕግ የራሴን ዘመድ እያወቅኩ እኔ አልነካም። የሚመጡትም እዚያው ሎስ አንጀለስ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ስልክ ይበቃቸዋል፣ ወስደው ወደ እኛ ይልኩታል። መዘግየት ብቻ የለበትም። አንድ ቀን ካለፈ ለጥናቱ አይሆንም።

ውሳኔው የልጆቹ ነው፣ የአባትሽ የፍሬውና የእኔ። እኔ ብቻዬን እሺ ብል ሕጉ ይፈቅድልኝ ይሆናል። ወንድሜ እሺ ሳይል ግን አላደርገውም፤ ነገ እዚያ ሰፈር ቀና ብሎ መሄድ ያለበት እሱ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጬ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ይሄ የአንቺ ሸክም አይደለም። አንቺ ላይ መጣሉ ራሱ የሚያሳፍር ነው፣ ያፈርኩትም እኔ ነኝ።

ኑኃሚን


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 15

አክስቴ፣

ሐኪም ቤት ዶክተሮቹ ስለ አባባ ምን እንዳሉ በደንብ አላውቅም። አስተርጓሚዋ የምታወራው ለአባዬ ነበር፣ እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። አሁን ቤት መልሰውታል። አልጋውን ሳሎን አደረግንለት። አንዲት ነርስ እየመጣች ታየዋለች።

አባዬ «ጉንፋን ነው ብለሽ ጻፊላት፣ ለፋሲካ መምጣቷ አይቀርም፣ ከወዲሁ አታስጨንቂያት» ብሎኛል።

ጉንፋን ነው።

ዓይናለም


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 21

አክስቴ፣

አባባ ደህና ነው። ተኝቷል። አባዬ ስልክ ያላነሳልሽ ሥራ በዝቶበት ነው።

ዓይናለም


ሚኒሶታ፣ ማርች 21

ዓይኔ የኔ ቆንጆ፣

ተመስገን። ከጠዋት ጀምሮ ልቤን አንድ ነገር ሲለኝ ነበር። ፍሬው አላነሳ ሲል ደግሞ የባሰ ፈራሁ። መልእክትሽን ሳይ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ስስቅ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ምን አገኘሽ አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወጥቼ ለአባባ የቤት ጫማ ገዛሁለት፣ ውስጡ እንደ በግ ጸጉር የለሰለሰ። ሎስ አንጀለስ አይበርድም እንዳትዪኝ፤ የእሱ እግር በሐምሌም በጥርም ቀዝቃዛ ነው። ቁጥሩ አርባ ሁለት ነው አይደል? ሲነቃ ኑኑ ጫማ ይዛልህ ትመጣለች በዪው።

ኑኃሚን


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 21፣ ከሰዓት በኋላ

አክስቴ፣

እባክሽ ቁጭ በዪ። ብቻሽን ከሆንሽ አጠገብሽ ያለ ሰው ጥሪ።

አባባ ዛሬ ጠዋት አርፏል። ደህና ነው ብዬ ስጽፍልሽ አርፎ ነበር። ሰዎች ሳሎኑን ሞልተውት ነበር፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው የጻፍኩልሽ። የጫማውንም ደብዳቤ እዚያው ነው ያነበብኩት።

አባዬና ጋሼ ሽመልስ እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል ለሚያውቋቸው ሰዎች ደውለዋል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሰዎች ቤትሽ መጥተው ሊያረዱሽ ነው። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተብሏል። ለአንቺ ብለው ነው። ሥራ ላይ ሆነሽ፣ ሰው ሳይዝሽ እንዳትሰሚው። እኔም ለሰው መርዶ በስልክ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። ልጅ እንደማያረዳም አውቃለሁ።

ግን ነገ ብትሰሚ ቀኑ ያልፋል። አንቺ ነሽ አንድ ቀን ያልሽኝ። እነሱ ይህን አያውቁም፣ አባባም ያለውን አያውቁም። ለአባዬ ልነግረው ሁለት ጊዜ ሄጄ ሰው ከቦት ስላየሁ ተመለስኩ። መጻፍ ብቻ ነው የምችለው።

እግዜር ያጽናሽ። ይሄንን እኔ ልልሽ አይገባም ነበር።

ዓይናለም


ሚኒሶታ፣ ኤፕሪል 6

ዓይኔ፣

ቀብሩ ላይም ለቅሶ ቤቱ ውስጥም አንድ ደቂቃ ብቻችንን አልሆንንም። ትሪ ይዘሽ ስትዞሪ አየሁሽ። ለእኔ ውሃ ስትሰጪኝ ብርጭቆውን እንጂ እኔን አላየሽም።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ያን ዕለት ማታ አውሮፕላን አጣሁ፤ የማለዳውን ትኬት ቆረጥኩ። ሻንጣዬን ዘግቼ ልወጣ ስል በሬ ተንኳኳ። ሁለት ሴቶችና አንድ ዲያቆን። ከሌሊቱ ጀምሮ ሲዘጋጁ እንዳደሩ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። አንደኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አውቄያለሁ ልላቸው አፌን ስከፍት አፈርኩ። ያን ሁሉ መንገድ ነድተው መጥተዋል። ቁጭ አልኩላቸው። እንደገና አረዱኝ። እንዳልሰማ ሰው ጮኽኩ፣ መጮኼ ግን ውሸት አልነበረም። አንደኛዋ እግሬን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። ሻንጣዬን በር ሥር ሲያዩ ምንም አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ በላክሽልኝ መልእክት ስለዚያ ስለ «ደህና ነው» ይቅርታ ጠይቀሽኛል። ላባብልሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ ጫማውን ከመኪናዬ አላወጣሁትም። ግን ያንን መልእክት ስትጽፊልኝ እኔ ምን ላይ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? ሚስቱ የሞተችበትን ሰውዬ እየለመንኩ ነበር። ሃያ ዓመት የምለው አንድ ዓረፍተ ነገር አለኝ፤ «ይህ ለእርስዎ ምን ያህል ከባድ ሰዓት እንደሆነ እረዳለሁ» እላለሁ። በቃሌ ነው የምለው፣ የድምፄን ከፍና ዝቅ ሳይቀር። የአንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ያ ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ጆሮዬ ላይ መጣ። አልረዳም ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ አንድም ቤተሰብ ጋ አልደወልኩም፤ ሌሎቹ ይደውሉልኛል። ስደውል ምን እንደምል ገና አላገኘሁም።

አባባ በሰዓቱ ደርሷል። በስሙ ፈንታ የተሰጠውን ቁጥር ግን አላውቅም፣ እንዳውቅም አይፈቀድልኝም። ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ ነው የምሠራው። በፊት እንደዚህ ሠርቼ አላውቅም፤ ለዚያም አፍሬያለሁ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ቀን መልእክትሽን አንብቤ ስደውል፣ ፍሬው ስልኩን ካነሳ በኋላ መሃል ላይ ጸጥ ያለበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ሲመለስ ድምፁ ሌላ ሰው ሆነ። ምን ተባለ?

ኑኃሚን


ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 3

አክስቴ፣

መልስ ለመስጠት የቆየሁት የአባባ አርባ እስኪወጣ ነው። እንደዚያ እላለሁ እንጂ እውነቱ መጻፍ ስላፈርኩ ነው።

አንቺ የሰማሽውን ሳይሆን ያላየሽውን ልንገርሽ። ስልኩ ሲጠራ አባዬ ስምሽን አይቶ ለጋሼ ሽመልስ አሳያቸው። «አታንሳው፣ ነገ በወጉ ትሰማለች» አሉት። አንቺ ግን መደወል አላቆምሽም። በመጨረሻ አነሳው፣ እጁ ለምዶበት ስፒከሩን ነካው። «ፍሬው፣ አውቄያለሁ፣ አትዋሸኝ» ስትዪ ቤቱ በሙሉ ሰማ። እኔ ጓዳው በር ላይ የውሃ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም፣ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ ሽመልስ ቀስ ብለው «አሳዳጊ የበደላት» አሉ። ያሳደገኝ አባዬ እዚያው አጠገባቸው ነበር። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀን ሁሉ የምትመለስብኝ እሷ ናት፣ የአባዬ አንገት።

የአባባን ነገር ስትጠይቂው ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። ጸጥ ያለብሽ እዚያ ላይ ነው። ጋሼ ሽመልስ «አባትህን ጎዶሎ አድርገህ ልትቀብር ነው? ለሰው ምን ልንል ነው?» አሉት። አባዬ ለአንቺም ለእሳቸውም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው «አባባ ፈቅዷል ትላለች። ማን ሰማ?» አለ።

እኔ ሰምቻለሁ አልኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ይጮሁ ነበር፣ የሰሙት እሱን ነው። ትሪውን መሬት አስቀመጥኩና ደግሜ አልኩ። ጋሼ ሽመልስ «ምን ብሎ?» አሉኝ፣ እንደ ፈታኝ። እኔም አባባ እንዳለው አድርጌ አልኩት፤ ሞተሩን ሳይከፍት በሽታው ይሄ ነው የሚል መካኒክ ሌባ ነው።

የአባዬ መዳፍ ከስልኩ ላይ ተነሳ። እኔ አላውቅም ነበር፤ አባባ አውቶቡስ ጋራዥ ሲሠራ አባዬና አንቺ ትንንሾች ሆናችሁ ምሳ ስትወስዱለት ይህንን ሥራ ለሚለማመዱት ልጆች ሲናገር ትሰሙት ኖሯል። አባዬ ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ፈጥሬ እንዳላመጣሁት አወቀ። «ስጨርስ ነው ግን፣ አሁን እየነዳሁት ነው ብሏል» ስል ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነና ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ «ኑኑ፣ የሰዎቹን ቁጥር ስጪኝ» አለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰምተሻል። ጋሼ ሽመልስ ኮፍያቸውን ይዘው ወጡ።

አርባው ላይ ሰው ትንሽ ነበር። ያበሰልነው ምግብ ተረፈ። አባዬ አሁን ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አያደርግም፤ በርበሬውንም ሽሮውንም ከሌላ ቦታ ነው የሚገዛው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔን አልተቆጣኝም። ብዪ፣ ተኚ፣ ቁልፉን አምጪ፣ ከዚህ በላይ አያወራኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አባባ የፈለገው ሆኖለታል፣ አንቺም ደርሶሻል፣ ያፈረው ግን እሱ ሆነ። ምንም ሳያጠፋ።

ትናንት ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጣ። ፒኮ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ሬዲዮውን ዘጋው። ልጅ ሆኜ ሲቆጣኝ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፣ ቦርሳዬን እቅፌ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ዓይናለም» አለኝ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር። «የእኔ ቀን ሲደርስ ሽማግሌ አትጠብቂ። ለኑኑ ቶሎ ጻፊላት።»

እሺ አባዬ አልኩት። መብራቱ ተለውጦ ኖሮ ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ይነፉብን ነበር፣ እሱ ግን ወዲያው አልነዳም።

ዓይናለም